የክርስትና ቀንበጥ

በብርድ አምባ አንድ ሰው ማለት ዘጠኝ ዛፍ ነው። ዘጠኝ የፕሪም ዛፍ ያለው ደጋ ላይ ይኖራል፤ ስምንት የቀረው በሠላሳ ቀን ውስጥ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ቆላ ይወርዳል። ቤተሰብ ከሆነ ደግሞ በመጨረሻ የገባው ቀድሞ ይወጣል። ሙሽራ ያለበት ቤት ሙሽራዋ፣ አራስ ያለበት ቤት ሕፃኑ። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ሕፃን ብቻውን እንደማይወርድ ያውቃሉ፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር ሕግ ውስጥ አይጻፍም።

ስንቅነሽ አሥራ ስምንት ዛፍ አላት። ዘጠኙ የራሷ ነው፤ ዘጠኙ የሰባት ወር ልጇ የሶስና። ባሏ በቆላው የውሃ መስመር ላይ ስለሚሠራ በዛፍ አይቆጠርም። በዓመት ሁለት ጊዜ በእንግዳ ወረቀት ይመጣል፣ አምስት ቀን ይሰነብታል፣ ይመለሳል። በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ መሳቅ ነው። እታች ብርድ ልብስ የሚባል ነገር ከቀረ ቆይቷል።

ሥራዋ ቅጠል ማንበብ ነው። ጠሉ ሳይደርቅ ሶስናን አዝላ ትወጣና የሠላሳ አንዱን ቤት ማሳ ትዞራለች፤ ከእያንዳንዱ ዛፍ ስድስት ቅጠል ወደ ፀሐይ እየገለበጠች ታያለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ገርጣ ያለ ክብ፣ እርጥብ ብርጭቆ ከጠረጴዛ ላይ ሲነሳ የሚተወውን የሚመስል። ክቡ የቫይረሱ ምልክት ነው። ክብ የታየበት ዛፍ ይቆረጣል፤ በዙሪያው ሥልሳ ሜትር ውስጥ ያለው የፕሪም ዛፍ ሁሉ አብሮት ይቆረጣል፤ ጉቶው ይቃጠላል። ንባቧን ስትጨርስ የመጨረሻው ዛፍ ግንድ ላይ ወደተለጠፈው፣ ቃሏን ለመንግሥት ወደሚያደርሰው ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «አይቻለሁ፤ የለም» ትላለች። አራት ዓመት ሙሉ፣ ከአራት ቀን በቀር፣ በየቀኑ እንዲሁ ብላለች። ሶስና አፏን ስትፈታ መጀመሪያ የምትናገረው ይህን ይሆናል እያሉ ጎረቤቶቿ ይቀልዳሉ።

ከገብሱ በኋላ ደጋውን የያዘው ፕሪም ነው። ገብስ ከብርድ አምባ ከጠፋ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፤ ሙቀቱ ከሥር እየገፋ ሲመጣ ሰውም ዛፍም ወደ ላይ ሸሸ። ቀድመው የሰፈሩት ጠይም የሚባለውን ዝርያ ተከሉ፤ ፍሬው ጥቁር ነው፣ ቆዳው ወፍራም፣ ጣዕሙ ደህና። ዘግይተው ለመጡት እንደ ስንቅነሽ ላሉት የተሰጣቸው ቀዮ ነው። ቀዮ ስትበስል እንደ ማር ናት፤ ግን ትንሽ ነገር ሲነካት ትጮኻለች። በአራት ዓመት ውስጥ ክብ የታየው በአራት ቤት ነው። አራቱም ቀዮ፣ አራቱም መጤ። የመንደሩ ሰው ነገሩን ለማስረዳት ብዙ አልደከመም። «መጤ ዛፍ መጤ በሽታ ይዞ ይመጣል» አለና ወደ ሥራው ሄደ። አራቱም ቤቶች ወረዱ።

አንድ የተከለከለ ልማድ አለ። ልጅ ክርስትና ሲነሳ የክርስትና እናቲቱ ከራሷ ዛፍ አንድ ቀንበጥ ቆርጣ ትመጣለች፤ ከሕፃኑ ዛፎች በአንዱ ላይ ቅርፊቱን ሰንጥቃ ታጣብቀዋለች፤ በጨርቅ ታስረዋለች። ልጁና ቀንበጡ አብረው ያድጋሉ። ሕጉ ከችግኝ ጣቢያው በቀር ከዛፍ ወደ ዛፍ ቀንበጥ ማሻገርን ይከለክላል፤ በብርድ አምባ ግን ያልተጣበቀለት ሕፃን ክርስትና እንደተነሳ አይቆጠርም። ቄሱም ያውቃሉ። ባላየ ያልፋሉ።

የሶስና ክርስትና እናት እትዬ ዘነቡ ናቸው። ከሠላሳ አንዱ ቤት የሃያ ስድስቱ ክርስትና እናት እሳቸው ናቸው። ጠይማቸው ከመንደሩ መግቢያ በላይ ቆማ ሸለቆውን ሁሉ ታያለች፤ በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ክብ አልታየባትም። ከእሷ ቀንበጥ ማግኘት እንደ ምርቃት ነው። ሶስና በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ እትዬ ዘነቡ ቀንበጡን ከመቀነታቸው አውጥተው ከሶስና ዛፎች በቁጥር አሥራ አንድ ላይ ሲያጣብቁ፣ ስንቅነሽ ራሷ ጨርቁን ይዛላቸው ነበር።

ከአራት ወር በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ቁጥር አሥራ አንድ ላይ፣ ቀንበጡ ከተጣበቀበት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ክቡ ታየ።

አንድ ቅጠል ላይ ነበር። ቀጥላ ሌላ ገለበጠች፤ እዚያም አለ። በሦስተኛው ላይ ሁለት ክብ እርስ በርሱ ተጠላልፎ አገኘች። ቅጠሉን ቀጥፎ ጉንጭ ውስጥ መክተት ይቻላል፤ ከእሷ በፊት የነበረው አንባቢ አንድ ሳምንት ሙሉ የራሱን ማሳ ቅጠል ሲበላ ከርሞ፣ በስምንተኛው ቀን ከላይ የሚያልፈው ካሜራ ያዘው። እሱ ሠላሳ ቀን እንኳ አልተሰጠውም። ስንቅነሽን ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያስጠላት መጠበቅ ነው።

ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «አይቻለሁ» አለች። «አለ።»

በማግስቱ አውጫጪኝ ተጠራ።

አውጫጪኝ የድሮ ሕግ ነው። በአገሩ በደል ሲፈጸም ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ በዳዩ እስኪታወቅ ማንም ንቅንቅ አይልም። መንግሥት ከብዙ ዘመን በኋላ መልሶ ያመጣው ርካሽ ስለሆነ ነው፤ የእያንዳንዱን ዛፍ ጭማቂ በመሣሪያ ከመመርመር ሁለት መቶ ሰው መጋዘን ውስጥ ማስቀመጥ ይቀላል። የተፈቀደው ሦስት ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን ማምሻ ምንጩ ካልታወቀ ጥፋቱ ክብ በታየበት ቤት ላይ ያርፋል።

ተቆጣጣሪው ኪሩቤል ይባላል፤ ከከተማ የመጣ፣ ሠላሳ ያልሞላው፣ ጫማው ለጭቃ ያልተሠራ። የፍሬ ማሸጊያው መጋዘን በር ላይ ቆሞ የቁጥር አሥራ አንድን ቅርንጫፍ ከፍ አድርጎ አሳየ። የተጣበቀበት ቦታ እንደ ጉልበት አብጧል።

«ይህን ቀንበጥ ማን ሰጠ?»

ሰዉ ሁሉ የየራሱን ጫማ አየ።

«ጥያቄው ከባድ አይደለም» አለ ኪሩቤል። «ዛፍ ራሱን አያጣብቅም።»

«ወፍ ይሆናላ» አለ ጌጡ ከኋላ። ጌጡ ሣጥን ጫኝ ነው፤ በለቅሶ ቤት እንኳ ሳያስቅ አይወጣም።

«ወፍ ቢላዋ ይይዛል?»

«የብርድ አምባን ወፍ አታውቀውም ጌታዬ። ክራባትም ያስራል።»

መጋዘኑ ሳቀ። ኪሩቤልም ሳያስበው ፈገግ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም የፈራው አልነበረም። እንጀራ ከየቤቱ መጣ፣ ሕፃናት በባዶ ሣጥን ውስጥ ተኙ፣ ሽማግሌዎች ገበጣ ጀመሩ። የመጀመሪያው ቀን አለቀ።

ስንቅነሽ ብቻ መቀመጥ አልቻለችም። ከግድግዳ ግድግዳ ትመላለሳለች። የሚያውቅ ሰው ብዛት ያሳብዳታል። ሃያ ስድስት ቤት። እያንዳንዷ እናት ጨርቁን ይዛለች።

በሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ እትዬ ዘነቡ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች። ሶስናን አቅፈው እግሯን እያሻሹ ነበር።

«እግሯ የአባቷ ነው» አሉ። «ጠፍጣፋ ውስጥ እግር።»

«እትዬ፣ ከእርስዎ ዛፍ ነው።»

«ምኑ?»

«ያውቁታል።»

እትዬ ዘነቡ የልጅቱን እግር በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። «የኔ ዛፍ አልታመመችም አበልጄ። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቅጠል አላሳየችም። አራቱን ዓመት ያነበብሻት አንቺው ነሽ።»

«አላሳየችም። አልታመመችም ማለት ግን አይደለም። ቀዮ ስትታመም ታሳያለች፤ ጠይም ታምማ ዝም ትላለች።»

«ይህን ደግሞ ከየት አመጣሽው?»

«ፍሬዋስ? አምና ስንት ሣጥን ሰጠች?»

«አሥራ አንድ።»

«ከዚያ በፊት?»

እትዬ ዘነቡ የነጠላቸውን ጫፍ አስተካከሉ።

«ሃያ አራት ነበር» አለች ስንቅነሽ። «ሣጥኑን የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ሌላው ሳይበስል ረገፈ።»

«ንፋስ ነበር።»

«ንፋሱ እኔ ማሳ ውስጥም ነበር። የኔ አልረገፈም።»

እትዬ ዘነቡ ቀና ብለው አዩዋት። ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ነበር። «ስሚ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ስሜን ብትጠሪ የሚቆረጠው የኔ ዛፍ ብቻ መሰለሽ? የሰጠሁት ሁሉ ነው። ሃያ ስድስት ቤት፣ በእያንዳንዱ ዙሪያ ሥልሳ ሜትር። ከዚያ ወዲያ ብርድ አምባ የሚባል ነገር አለ?»

የለም። ስንቅነሽ ትናንት ሒሳቡን ሠርታዋለች። ክቦቹ እርስ በርስ ይነካካሉ፤ አንድም ዛፍ ከውጭ አይቀርም።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ የመንደሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ማንደፍሮ ከሣጥኖቹ ጀርባ ጠሯት። አንገታቸው ረጅም ነው፤ ሲናገሩ ጎንበስ ይላሉ።

«ልጄ፣ ተማክረናል። ነገ ስትጠየቂ ከራሴ ቀዮ ወደ ራሴ ቀዮ ነው ያጣበቅኩት በይ። በሽታውን ቅጠል የሚመጠው ተባይ፣ ክሽክሽ ነው ያመጣው በይ። ክሽክሽ ክንፍ አለው፣ ምስክር አይቆምበትም። ቅጣቱ ማስጠንቀቂያ ነው።»

«ዛፌስ? አሥራ ስምንቱም ሥልሳ ሜትሩ ውስጥ ነው።»

«እሱን ነው የምነግርሽ። ከዘጠኝ በላይ ያለው ቤት ሁሉ አንድ አንድ ዛፍ ያዋጣል። አሥራ ስምንት ቤት አግኝተናል። ወረቀቱ ላይ በስምሽ ይዞራል። አንቺም ሶስናም የትም አትሄዱም።» ይበልጥ ጎንበስ ብለውም፣ «ለቀብር የምናዋጣ ሰዎች ለቁም ሰው ያቅተናል እንዴ?» አሉ።

«ለአራቱስ ቤት ለምን አላዋጣችሁም?»

ጋሽ ማንደፍሮ አንገታቸውን ሰበሩ። «ያን ጊዜ አላሰብንበትም» አሉ። «እውነቱን ነው የምልሽ። አላሰብንበትም።»

አመነቻቸው። የሚያናድደውም ይኸው ነበር። ጌጡ እንኳ ከነበሩት አሥር ዛፎች አንዱን ሰጥቷል። ስንቅነሽ ልቅሶ አልመጣባትም፤ ቆጠረች። አሥራ ስምንቱም ጠይም ናቸው። አሥራ ስምንቱም ዝም ይላሉ፣ ፍሬያቸው በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ቀድሞ ይረግፋል፣ ቅጠላቸው ንጹህ ይሆናል። እሷም ጠዋት ጠዋት እየዞረች «የለም» ትላለች። እስኪደርቁ አሥር ዓመት ይሆናል፣ ምናልባት አሥራ ሁለት። ሶስና ብርድ ታውቃለች።

«እሺ» አለች።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሁሉ ነጠላውን አራግፎ ለመውጣት ሲሰናዳ፣ ኪሩቤል ሣጥን ላይ ወጥቶ ቃለ ጉባኤውን አነበበ። ስንቅነሽ የተባለችውን ብላለች፤ ተጽፏል። ክሽክሽ፣ ከራሷ ወደ ራሷ፣ ማስጠንቀቂያ፣ አሥራ ስምንት ዛፍ ይቆረጣል። ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ የመልካም ዜና ድምፅ ነበር።

«በመጨረሻም ለመንደሩ የምሥራች አለኝ። ችግኝ ጣቢያው ለሚመጣው ክረምት ሦስት መቶ ሺህ ችግኝ ያዘጋጃል። ለሰባቱ የደጋ ወረዳዎች በሙሉ ነው። እናት ዛፍ የምትመረጠው ሰባት ዓመት በተከታታይ ንጹህ ከተነበበችው ነው። ዘንድሮ የተመረጠችው የወይዘሮ ዘነቡ ጠይም ናት።»

ጭብጨባ ሆነ። እልልታም ነበር። እትዬ ዘነቡ አላጨበጨቡም።

ስንቅነሽ ቆማ ነበር። ሦስቱን ቀን እምብዛም አልተቀመጠችም። መጀመሪያ የተሰማት ንዴት እንጂ ጀግንነት አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ሞኝነት አይታ አታውቅም። በየዓመቱ የሚያሳየውን ዛፍ ቆርጠው፣ የማያሳየውን መርጠው ያራቡታል። ሠላሳ ዓመት ዝምታን ሲያረቡ ኖሩ፤ የምታነብላቸው ደግሞ እሷ ናት።

«ቃሌን እለውጣለሁ» አለች።

ጭብጨባው አልቆመም። ደግማ ጮኸች። ቆመ።

«ቀንበጡ ከራሴ አይደለም። ከእትዬ ዘነቡ ጠይም ነው። ክርስትና ላይ ነው የተጣበቀው። ጨርቁን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ማንደፍሮ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከኋላ አንዲት ሴት፣ «ወይኔ ልጆቼን!» አለች።

«ዛፏ ንጹህ ናት» አለ ኪሩቤል። «ያነበብሽው አንቺ ነሽ።»

«ያነበብኩት ቅጠሏን ነው።»

«ቅጠሏ ንጹህ ከሆነ...»

«ታምማለች፤ አታሳይም ነው የምልህ! ከፍሬ የበቀለ ቀዮ አምጣ። በሽታው በፍሬ አይተላለፍም፣ ይህን ትምህርት ቤት አስተምረውሃል። ሦስት ችግኝ አምጣ፣ ክሽክሽ የማይገባበት መረብ ውስጥ አድርጋቸው። በሁለቱ ላይ ከእትዬ ዘነቡ ቀንበጥ አጣብቅ፣ ሦስተኛውን ተወው። በአርባ ቀን ውስጥ ቀዮ ራሷ ትነግርሃለች።»

«አውጫጪኝ ሦስት ቀን ነው።»

«ምንጩ ሲጠራ ደግሞ እስኪጣራ ማንም አይወጣም፣ ዛፍም አይቆረጥም ይላል። ሕጉን አንብበው።»

ኪሩቤል አነበበው። ቆሞ፣ ሁለት ጊዜ። ልብሱን አሳምሮ ለመሄድ ተዘጋጅቶ የነበረ ሰው አርባ ቀን ሲፈረድበት የሚመስለውን መሰለ።

እንዲህ ሆኖ አውጫጪኙ ከመጋዘኑ ወጥቶ ሸለቆውን ሁሉ ያዘ። ከመንደሩ ማንም አይወጣም፣ ማንም አይገባም። ሦስቱ ችግኞች መጋዘኑ መሐል በመረብ ውስጥ ተቀመጡ፤ በር ላይ በየተራ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ይጠብቃል። የሚጠብቁት ከማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ከራሳቸው ነው።

ስንቅነሽን ማንም ክፉ አልተናገራትም። ከዚያ የባሰ ነበር። ውሃ ስትቀዳ ሰልፉ ይከፈትላታል፤ ታልፋለች፤ ከኋላዋ ይዘጋል። ጌጡ አንድ ቀን አጠገቧ ቆሞ፣ «ቀዮ ራሷ እንዳንቺ አልጮኸችም» አላት። ቀልድ አስመስሎ ነው የተናገረው፤ የሳቀ ግን አልነበረም። ባሏ የእንግዳ ወረቀቱ ሳምንት ደርሶ ከተራራው ሥር ደረሰ፤ እንዳይገባ ተከለከለ፤ በስልክ «ምን አደረግሽ?» ብሎ ጠየቃት። «ዝም ብል ሶስና በአሥር ዓመቷ ትወርዳለች፤ ስለተናገርኩ ዘንድሮ ትወርዳለች» አለችው። «እና ልዩነቱ ምንድን ነው?» አላት። «ሌሎቹ ስድስት ወረዳዎች» አለችው። መልሱ ለእሷም ቀዝቃዛ ሆነባት፤ ግን ሌላ አልነበራትም።

እትዬ ዘነቡ ብቻ አልራቋትም። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ መጥተው ሶስናን ይወስዳሉ፣ ሲመሽ ይመልሳሉ። ስለ ዛፍ ቃል አይወጣቸውም። ስንቅነሽ ይህን ጥላቻ ትበለው ዝምድና አታውቅም፤ መጠየቅም አልፈለገችም።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ጠዋት ኪሩቤል መረቡን ከፈተ። ሠላሳ አንዱም ቤት መጋዘኑ ውስጥ ቆሟል። ሕጉ የሚያነበው አንባቢ ነው ስለሚል ስንቅነሽ ተጠራች። እትዬ ዘነቡ ሶስናን ተቀበሏት፤ ማለዳው ብርዳም ስለነበር ራሳቸው የሠሩላትን የሱፍ ኮፍያ አጥልቀውላት ነበር፣ እስከ ቅንድቧ ድረስ።

ስንቅነሽ የመጀመሪያውን ችግኝ ቅጠል ወደ በሩ ብርሃን ገለበጠች። የሁለተኛውን። ከዚያ ምንም ያልተጣበቀበትን የሦስተኛውን፣ ስድስት ቅጠል፣ አንድ በአንድ።

«በሁለቱ አለ» አለች። «በሦስተኛው የለም።»

እትዬ ዘነቡ ሶስናን እንደታቀፉ ወደ ፊት መጡ፤ ሕዝቡ መንገድ ለቀቀ። ቅጠሉን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አቀረቡት፤ ራቅ አደረጉት፤ እንደገና አቀረቡት። ክቡን በጥፍራቸው ዞሩት።

«ይቺ ናት?» አሉ።

«አዎ እትዬ።»

«ትንሽ ናት እኮ።»

ኪሩቤል ስልኩን እያየ፣ እናት ዛፏ መሰረዟን፣ መጋዙም ሰኞ እንደሚመጣ ተናገረ። «ለየትኞቹ?» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ፣ መልሱን እያወቁ። «ለሁሉም» አለ። ሰው ቀስ በቀስ ወደ በሩ ፈሰሰ፤ የሚጠቀለል ዕቃ አለ፣ ሠላሳ ቀን ደግሞ ብዙ አይደለም።

ስንቅነሽ ልጇን ለመቀበል እጇን ዘረጋች። እትዬ ዘነቡ አልሰጧትም። ሶስናን በአንድ ክንዳቸው አስተካክለው፣ በሌላው እጃቸው የሱፍ ኮፍያውን ከራሷ ላይ አወለቁትና ጉያቸው ውስጥ ከተቱት። ልጅቱ ብርዱ ራሷን ሲነካት ዓይኗን አፍጥጣ አየቻቸው።

«እታች ኮፍያ የለም፤ ከአሁኑ ትልመደው» አሉ።